ቀይዋ መኪና ሉማሜ የገባችበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስራመድ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ አሮጌ ሞተር ሁለት ጊዜ አስሎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ከዚያ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነሣ፤ ነፋሱም ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ይዞልኝ መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ደብረ ማርቆስ ያለው የወፍጮ ቤታችን ግቢ፣ ዱቄቱ፣ በዘይት የጠቆሩት የአባባ ጥፍሮች ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የግቢው ጥበቃ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። ነገሩ ቆመው የሚያወሩት ስላልነበረ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ ብዬው ሄድኩ።

አባቴ አያሌው ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ የሚውል ሰው ነበር። በዚህ ነጭ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ከጤፍና ከስንዴ ጆንያ ጎን፣ ቀይ የስፖርት መኪና ትቆም ነበር ብል የሚያምነኝ ስለማይኖር ከየት እንደመጣች ልንገር። እኔ ከመወለዴ በፊት አባባ ለወፍጮው አዲስ ድንጋይ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ባረፈበት ሰፈር የአንድ ሽማግሌ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን፣ ከዛፍ ሥር ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉባት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ አፍንጫዋ የረዘመ የጣሊያን መኪና አየ፤ ዶሮዎቹን አስወጥቶ፣ ሞተሯን ለቀናት ሲነካካ ሰንብቶ፣ ድንጋዩን ትቶ እሷን ይዞ ተመለሰ። የአባይን በረሃ በየጠመዝማዛው እየቆመ ውሃ እያጠጣት ወጥቶ፣ ጣሪያዋ አልዘጋ ስላለው ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱ ፀሐይ መትቶት ደብረ ማርቆስ ሲገባ፣ ገና ሙሽራ የነበረችው እናቴ ድንጋዩን የሚያወርዱ ሰዎች ጠርታ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ያን ቀን ምን እንዳለችው ሁለቱም ነግረውን አያውቁም።

መኪናዋ ከመሬት እጅግ ዝቅ ያለች ስለነበረች፣ ገበያ ቀን በመንገድ ዳር ከሚያልፉ አህዮች ጋር ዓይን ለዓይን እንተያይ ነበር። ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ አባባ የመሣሪያ ሣጥኑን የሚያኖርባት አንድ ጠባብ ደርብ ነበረች፤ ወንድሜ ጌታነህና እኔ በሣጥኑ ግራና ቀኝ፣ ጉልበታችንን አገጫችን ላይ ደግፈን፣ ሁለት ዶሮዎች መስለን እንቀመጥባት ነበር። በጋ ሲሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባባ ሸራውን አጣጥፎ ከከተማ ያወጣን ነበር። ነፋሱ የእማዬን ነጠላ እየገለበጠ፣ የእኔን ሹሩባ እየፈታ፣ የባሕር ዛፉ ሽታና የሞተሩ ሽታ እየተቀላቀለብን፣ አባባ ማርሽ በለወጠ ቁጥር እኔና ጌታነህ እየጮህን እንሄድ ነበር። በዚያ መኪና ውስጥ መነጋገር አይቻልም ነበር፣ መሣቅ ብቻ ነበር የሚቻለው። ደስ ይለን ነበር፣ በጣም ደስ ይለን ነበር።

ደስ የማይላቸው የአባባ አክስት እማማ ይታይሽ ነበሩ። እማማ ይታይሽ የዘመዱ ሁሉ ታላቅ፣ የሠርጉና የለቅሶው ወግ ሁሉ አዛዥ ነበሩ፤ መኪናዋንም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ «ጫማ» ብለው ነበር የሚጠሯት። አባባ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሞ «ልሸኝዎት» ሲላቸው፣ በምርኩዛቸው ጎማዋን ነካ አድርገው፣ ሰው ጫማ ያደርጋል እንጂ ጫማ ውስጥ አይገባም ብለው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። አባባም አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይጠይቃቸው ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጥ ነበር። ሸራው በጋውን ሙሉ ተጣጥፎ ከርሞ ሐምሌ ላይ ሲዘረጋ በየእጥፋቱ ተበሳስቶ ይገኛል፤ አባባም በአሮጌ ጎማና በማጣበቂያ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው እየተከፈተበት ይከርም ነበር። አንድ ነሐሴ የእማዬን ዘመዶች ልንጠይቅ ይጁቤ ሄደን ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። እማዬ ገና ጡት ያልጣለችውን ታናሽ እህቴን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ በሌላው እጇ ጃንጥላ መኪናው ውስጥ ዘርግታ፣ የጃንጥላው ሹል የአባባን ጆሮ እየወጋው፣ አባባ አንገቱን ወደ በሩ አዘንብሎ እየነዳ፣ እኔና ጌታነህ ከኋላ በሣቅ እየሞትን ቤት ገባን። እማዬ ግን አልሣቀችም። ሕፃኗ በማግስቱ ሳል ጀመራት፤ እማዬም እሷን እሽሩሩ እያለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረች።

«አያሌው፣ ይህ የልጆች አባት መኪና አይደለም። ማንም የሌለው ሰው መኪና ነው።»

አባባ ወጥቶ ዝናብ ውስጥ ሸራውን ሲለጥፍ ዋለ።

መስከረም ሲጠባ፣ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ የእማዬ ወንድም ጋሼ ሞገስ መስቀልን ከእኛ ጋር ሊውል ከባሕር ዳር በአዲስ መኪና መጣ። አራት በር ያላት ነጭ ሴዳን ነበረች፤ ወንበሮቿ ላይ ከፋብሪካ የመጣችበት ላስቲክ ገና አልተነሣም፣ የኋላው መስታወት ሥር የሶፍት ካርቶን ተቀምጧል፣ መስታወቱም በእጅ ሳይጠመዘዝ በጣት ብቻ ይወርዳል ይወጣል። ጋሼ ሞገስ ጫማችንን አስወልቆ ካስገባን በኋላ መስታወት እንዳንነካ አስጠነቀቀንና ለሽርሽር ወሰደን። ጌታነህ በዚያው ቀን ካደ። ማታ አልጋችን ላይ ተኝተን ሲከራከረኝ፣ ያቺ ትሞቃለች፣ ያቺ አታፈስም፣ ያቺ ውስጥ እግር ይዘረጋል ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ላስቲኩ ከጭን ጋር ይጣበቃል፣ ነፋስ የለም፣ አህያ አይታይም እል ነበር። ልቤ ግን ፈርቶ ነበር። በዚያ ሽርሽር ላይ ሕፃኗ ስትተኛ፣ እማዬም ራሷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ስትጨፍን አይቻለሁ፤ እናቴ መኪና ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የሄደችበትን ቀን ከዚያ በፊት አላውቅም። እማዬ እውነት እንዳላት ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ገባኝ፣ ቀይዋ መኪና እንዳትሸጥ መፈለጌ ግን በዚያ አልቀነሰም።

ጥቅምት ላይ የስንዱ ነገር መጣ። ስንዱ የአባባ ታናሽ እህት ናት፤ እናቷ ስትሞትባት አባባ አምጥቶ ያሳደጋት፣ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የምትተኛ፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ አክስቴ ነበረች። ተማሪ ሳለች ከወፍጮው ጩኸት ሸሽታ የምታጠናው ቀይዋ መኪና ውስጥ በሯንና መስታወቷን ዘግታ ነበር፤ የማትሪክ ፈተናዬን ያለፍኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው ትል ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ለሉማሜ ልጅ፣ እዚያው አስተማሪ ለሆነ ደርባባ ሰው ታጨች፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሙሽራው የሚወሰዱበትን መኪና ሊያስብ ሲጀምር ስንዱ ከቀይዋ መኪና በቀር በሌላ እንደማትወጣ ተናገረች። ጋሼ ሞገስ ይህን ሲሰማ ነጯን ይዞ እንደሚመጣ፣ ሙሽራ በሸራ ጣሪያ ሥር እንደማትሄድ ላከ። ቤቱ በዚህ ጭቅጭቅ ስለተሞላ እማዬ አንድ ማታ እራት ላይ ቆረጠችው። ቀይዋ ስንዱን ይዛ ሉማሜ ከገባች ዳግመኛ ስለዚያች መኪና ቃል እንደማይወጣት፣ ካልገባች ግን ከሠርጉ ማግስት ተሸጣ አራት በር ያላት እንድትገዛ ለአባባ ነገረችው። አባባ እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ «እሺ ውዴ፣ ይሁን» አላት። እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ በየጸሎቴ መጨረሻ ላይ የመኪናዋን ሞተር መጨመር ጀመርኩ።

ኅዳርና ታኅሣሥ በዝግጅት አለፉ። ሴቶቹ ለጠላው ጌሾ ሲወቅጡና በርበሬ ሲቀነጥሱ አባባ ኮፈኑን ከፍቶ ከመኪናዋ ጋር ይነጋገር ነበር። ካንዴላዋን አወጣ፣ ራዲያተሯን አጠበ፣ ካርቡራተሯን በታትኖ እንደገና ገጠመ፤ ቀለሟንም ከዱቄት ጋር የተጋገረውን አቧራ እየፋቀ እስክታብረቀርቅ ድረስ ወለወላት። የሰፈሩ ሰው እህሉን ለማስፈጨት ሲመጣ መጀመሪያ እሷን አይቶ ነበር ወደ ወፍጮው የሚገባው። ሁላችንም ስለዚያ ቀን እያወራን፣ ስንዱና ሙሽራው ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሄዱ እናያቸው ነበር፤ የአበባው አቀማመጥ ሳይቀር ተወስኖ ነበር።

ጥር መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፣ የሠርጉም ቀን ነጋ። ሙሽራው ከሉማሜ በሚኒባስ አጃቢዎቹን ጭኖ መጥቶ፣ በር ላይ እንደ ወጉ ተከልክሎ፣ ተለምኖ፣ ገብቶ፣ ተበልቶና ተጨፍሮ፣ ስንዱ ቬሎዋን ለብሳ ወጣች። አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና መሪውን ያዘ። ስንዱ አጠገቡ ገባች። ሙሽራው ቆሞ ቀረ። ከሙሽራው ጀርባ ደግሞ፣ ከሙሽራዋ ላይለይ ቃል የገባው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ አንደኛ ሚዜው ቆሞ ነበር። ለሦስት ወር ሙሉ ስናቅድ በሁላችንም ሐሳብ ውስጥ መኪናዋ ያለ ሹፌር ነበር ስትሄድ የኖረችው። ጋሼ ሞገስ ጉሮሮውን ጠርጎ የነጯን የኋላ በር ከፈተ።

ስንዱ ግን ቬሎዋን ሰብስባ ከወንበሩ ተነሣች፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ከደርቡ አውርዱልኝ አለች፣ ተጣጥፎ በተቀመጠው ሸራ ላይ ጋቢ አስነጠፈችና ወጥታ ተቀመጠችበት። ሙሽራው አይቶ ሣቀና ወጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሚዜውም ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ የፊቱ ወንበር ውስጥ ራሱን አጠፈ። እልልታው ቀለጠ። ሁለቱ ሙሽሮች ከወገባቸው በላይ ከመኪናው ከፍ ብለው፣ በበቅሎ ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሙሽራ እንዲህ በግልጽ ሲታይ ካየሁ ስንት ዘመኔ ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሙሽሪት ቤተሰብ በዚያ ቀን አብሮ አይሄድም ነበር፤ ነገር ግን መኪናዋ ከአባባ በቀር ለማንም ስለማትታዘዝ፣ አባባ ከሄደ ብለን ሁላችንም አጃቢ ሆንን። እማማ ይታይሽ ወግ ፈረሰ እያሉ፣ እየተቆጡ፣ ከጋሼ ሞገስ ጎን ከፊት ገቡ፤ እኛ ከእማዬ ጋር ከኋላ ሆንን።

በነጯ መኪና መስታወት ውስጥ ሆኜ ቀይዋን ስከተላት የተሰማኝን አልረሳውም። ውስጡ ይሞቃል፣ ፀጥ ብሏል፣ ላስቲኩ ከሥሬ ይንጫጫል፤ ከፊታችን ደግሞ የስንዱ ነጭ ዓይነርግብ በነፋስ ተንሳፍፎ፣ የሙሽራው ክራቫት ትከሻው ላይ ተገልብጦ፣ የሚዜው ትልቅ ጭንቅላት እየተወዛወዘ ይሄዳል። መስኩ ታጭዶ ቢጫ ሆኗል፣ በየአውድማው የሚወቁት ገበሬዎች መንሻቸውን አቁመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ስንዱም መልሳ ታወዛውዛለች። እኛን የሚያይ አልነበረም። ቅናት ያዘኝ፣ ግን የደስታ ቅናት ነበር፤ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አሻራ ብተውም ጋሼ ሞገስ ልብ አላለም።

ሉማሜ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር አንድ ዳገት አለ። ቀይዋ ግማሹን እንደወጣች ከኮፈኗ ሥር የሆነ ነገር ጧ አለ፣ ነጭ እንፋሎትም ተነሥቶ ሚዜውን ሸፈነው። ቆመች። አባባ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። አባባ ትርፍ ቺንጋ ነበረው፣ እንዲያውም ሁለት ነበረው፤ ሁለቱም ግን ጠዋት ለሙሽሮቹ መቀመጫ ሲባል ከወረደው ሣጥን ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ነበሩ። ሁላችንም ወርደን ከበብናት። አባባ እጁን በሙሉ ልብሱ ጠረገ፤ እናቴን አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ። እኔ ያን አየሁና ማልቀስ ጀመርኩ።

ጋሼ ሞገስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ እንዳይሰማበት እየተጠነቀቀ፣ የነጯን በር ከፍቶ ስንዱን ነይ ግቢ አላት። ስንዱ ወንድሟን አየችው።

«ሂጂ እህቴ» አላት አባባ። «ሰው ይጠብቅሻል።»

ስንዱ ቬሎዋን ሰብስባ አንድ እግሯን ወደ መሬት ስታወርድ የነጯ የፊት በር ተከፈተና እማማ ይታይሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው ወጡ።

«እግርሽን መልሺ» አሏት። «ሙሽራ ከቤቷ የወጣችበትን ሳትደርስ አትለውጥም። በቅሎም ቢሆን፣ መኪናም ቢሆን።»

ጋሼ ሞገስ በአክብሮት፣ እንዲህ ያለ ወግ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። እማማ ይታይሽ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ስንት ሙሽራ ሸኝተህ ታውቃለህ?»

የሙሽራው ወገኖች የሙሽሪትን ወግ አላወቅንም እንዳይባሉ ፈርተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው አሉ። በዚያው ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ ጎጃም ስንት ሠርግ ላይ ተገኝቻለሁ፣ ስንት ሽማግሌና ባልቴት ጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ወግ የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። እማማ ይታይሽ እዚያው ዳገት ላይ፣ «ጫማ» ለሚሏት መኪና፣ በአባባ ፊት ላይ ያዩትን አይተው ፈጠሩት።

ግፊያው ተጀመረ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አወለቁ፣ የሚኒባሱ አጃቢ ሁሉ ወረደ፣ ከአውድማው ገበሬዎች ገለባቸውን ከልብሳቸው እያራገፉ ሮጠው መጡና ቦታ ስጡን አሉ። አባባ በመስኮት መሪውን ይዞ በእግሩ ይሄዳል፣ ሙሽሮቹ ከላይ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ዘፈኑ በእርምጃው ልክ ይወጣል። እኔና ጌታነህ በትልልቆቹ ጉልበት መካከል ገብተን እጃችንን ሞቃቱ ቆርቆሮ ላይ አሳረፍን፤ ነጯን ሲያወድስ የከረመው ጌታነህ ፊቱ እስኪቀላ ይገፋ ነበር። ነጯ መኪና ከኋላችን በኤሊ ፍጥነት ትከተላለች፣ ጋሼ ሞገስ መሪ ይዟል፣ እማማ ይታይሽ በመስኮት ምርኩዛቸውን አውጥተው ግራ፣ ቀኝ እያሉ ያዝዛሉ። ቀና ስል እማዬን አጠገቤ አየኋት። ሕፃኗን ለእማማ ይታይሽ አስታቅፋ፣ የጥልፍ ቀሚሷን ጫፍ በመቀነቷ ሸጉጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሁለት እጇ ትገፋ ነበር። ላብ ግንባሯ ላይ ወርዷል። ስታየኝ «ወደዚህ ጠጋ በይ፣ እግርሽን ጎማው እንዳይረግጥሽ» አለችኝ።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ከታች ሉማሜ ታየች፣ ቆርቆሮዎቿ ያብረቀርቃሉ። አባባ ዘሎ ገባና ፍሬኑን ለቀቀ። ቀይዋ መኪና ያለ ሞተር፣ ያለ ድምፅ፣ በራሷ ቁልቁል መንከባለል ጀመረች፤ እኛ ከኋላዋ እየጮህን ሮጥን፣ ገበሬዎቹ ሮጡ፣ ሚዜዎቹ ሮጡ። ሞተሩ ባይሠራም ክላክሱ ይሠራ ነበር፣ አባባም እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ እጁን ከላዩ አላነሣም። ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በመጨረሻ በሰው ትከሻ እየተገፋች የሙሽራው ቤተሰብ ዳስ በር ላይ ስትቆም እልልታው መሬቱን አናወጠው፤ ስንዱ ፊቷ በአቧራ ዳማ ሆኖ፣ ዓይነርግቧ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ፣ እየሣቀች ከላይ ወረደች።

ሰዉ ወደ ዳሱ ሲገባ ጋሼ ሞገስ እህቱን ለብቻ ያዛት። ስምምነቱን ያውቅ ነበርና፣ መኪናዋ ተገፍታ እንጂ ራሷ እንዳልገባች፣ ስለዚህ እንደቃላቸው እንደምትሸጥ ነገራት። አባባ ትንሽ ራቅ ብሎ ኮፈኑን እያበሰ ነበር፣ ጀርባው ግን ይሰማ ነበር። እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ነበር፤ ጥልፉ ላይ ዘይት ነበረበት።

«ገብታለች» አለች እማዬ። «እኔው ራሴ አስገብቻታለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቃሏን ጠበቀች። አንድም ቀን ስለ መኪናዋ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ስሟን እንኳ ላለማንሣት «ያቺ» ብቻ ነበር የምትላት። የፋሲካ ሰሞን ልብስ ሰፊውን አስጠርታ የሸራውን ልክ አስወሰደችና፣ ለክረምቱ የጭነት መኪና ሸራ በድርብ አሰፋችበት፤ ጣሪያው ድንኳን መሰለ፣ መስታወቱም በግማሽ ተሸፈነ፣ አንዲት ጠብታ ግን አላሳለፈም። ነሐሴ ላይ ይጁቤ ደርሰን ስንመለስ በዚያ ጨለማ ድንኳን ውስጥ፣ የሰው ትንፋሽና የቤንዚን ሽታ አፍኖን፣ ጃንጥላ ሳይዘረጋ ቤት ገባን። እማማ ይታይሽ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ጫማዋ ውስጥ አልገቡም።

አሁን እኔ አዲስ አበባ እኖራለሁ፤ መኪናዬ ቤንዚን የማትጠጣ፣ እንደ ስልክ በኤሌክትሪክ የምትሞላ የቤተሰብ ሴዳን ናት። ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ማርቆስ ስገባ አባባ ኮፈኗን አስከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ በእጁ የሚነካው ነገር አጣ፣ እንዳይቀየመኝ ብሎ «ንጹሕ ናት» አለኝና ቀስ ብሎ ዘጋው። በማግስቱ እሱንና እማዬን ከፊትና ከኋላ፣ ልጆቼን ከአያታቸው ጎን አድርጌ፣ ስንዱን ልንጠይቅ ወደ ሉማሜ ወረድን። ያንን ዳገት ስንወጣው ዳገት መሆኑ እንኳ አልታወቀንም፤ ልጆቼ ስልካቸውን ያዩ ነበር።

ሉማሜ ዳቦ ልገዛ ስቆም አንድ ሽማግሌ ወደ አባባ መስኮት ጠጋ አሉና እጁን ያዙት። ስለ ቤተሰቡ ከመጠየቃቸው በፊት «ቀይዋ እንዴት ናት? ደህና ናት?» አሉት። አባባም እሑድ እሑድ እንደሚያስነሣት፣ ሳሉ እንዳለባት፣ ግን ደህና እንደሆነች ነገራቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው፣ ያን ቀን በግራ በኩል ከኋላ የገፉት እሳቸው እንደነበሩ አስረዱኝ፤ ዳቦ የሸጠችኝ ሴትም አባቷ እንደገፋ ነገረችኝ። ሉማሜ ውስጥ ገፋሁ የሚለው ሰው ሁሉ ገፍቶ ቢሆን ኖሮ በዚያች ትንሽ መኪና ላይ እጅ ማሳረፊያ ቦታ አይገኝም ነበር። አባባ ሁሉንም ያመሰግናቸዋል፣ ሰላምታችሁን አደርሳለሁ ይላቸዋል፣ በእውነትም የሚያደርስ ይመስለኛል።

የእኔ መኪና ከዚያችኛዋ በሁሉም ነገር ትሻላለች፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ልጆቼንም በሸራ ጣሪያ ሥር ዝናብ አላስመታም። ላስነሣት ስል የማትነሣበት፣ ሄዳ የማትደርስበት ቀን አላየሁም፣ የማንንም እጅ ጠይቃ አታውቅም። ደህና ናት ወይ ብሎ የጠየቀኝም ሰው የለም፤ ምን ብሎ ይጠይቀኛል፣ ሁልጊዜ ደህና ናት።